ቅቤ የጠጣችው መኪና

የልጅ ልጄ ቢኒያም ባለፈው ሰሞን መኪና ገዛ። አዲስ አይደለችም፤ ሌላ ሰው ነድቷት፣ ጠግቧት የሸጣት ናት። ቢሆንም የሀብታም መኪና ናት፤ ረጅም፣ ዝቅ ያለች፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ታክሲዎቹ የማይንኳኳ። ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ አየኝና «እማማ፣ ነይ ግቢ» ብሎ አስገባኝ። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ስለነበረች ወንበሩ ይፋጃል። ወንበሩ ቆዳ ነው። ገና ተደላድዬ ሳልቀመጥ ያ የሞቀ ቆዳ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

«ቢኒ፣ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ» አልኩት።

«የምን ቅቤ እማማ? መኪና ውስጥ ቅቤ ምን ይሠራል?»

ምን ይሠራል አለኝ! ሳቄ መጣ። እሱ ግን ለሳቅ የሚሆን ፊት አልነበረውም። ከመሪው ፊት አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች። እሷን እያየ ብሶቱን ነገረኝ። የኋላ እግሯ በአየር የሚሠራ ነው አሉ፤ አየሩን ስለምታፈስ ጠዋት ጠዋት ቂጧ መሬት ወርዶ ያገኛታል። ማርሽ ሲቀየር እንደ ደነገጠ በግ ትዘላለች። መካኒኩ በኮምፒውተር አይቶ የነገረው የዕቃ ዋጋ ደግሞ ሌላ ደህና መኪና ይገዛል።

«ገዛኋት ብዬ ነበር፤ ለካ እሷ ናት የገዛችኝ» አለ።

«አይዞህ፤ የእኛዋም ቂጧ ይወርድ ነበር። የእኛዋ ግን የምታፈሰው አየር ሳይሆን ውሃ ነው» አልኩት።

መንገዱን ትቶ ዞሮ አየኝ። «እናንተ መኪና ነበራችሁ እንዴ?»

ነበረን እንጂ። «ፊትህን ወደ መንገድ አድርግ» አልኩትና እስከ ኮልፌ ጥቂት ጥቂቱን አጫወትኩት። ቤት ገብቼ ሻሼን ስፈታ ግን የቀረው ሁሉ ተግተልትሎ መጣብኝ።

ያኔ ኮልፌ ዛሬ የምታዩአት አይደለችም። ከቤታችን በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች ገበያው፣ መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። እናቴ እልፍነሽ ገበያው ውስጥ ቅቤ ትሸጥ ነበር፤ ከጉራጌ አገር በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣላትን። እጇ ሁልጊዜ ያበራል። ስትመታኝ እንኳ መዳፏ ስለሚያንሸራትት አያመኝም ነበር፤ ይህንን ለእሷ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

አባቴ ተካ ደግሞ የአንድ ፈረንጅ ሹፌር ነበር። ፈረንጁ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ በስንብት ገንዘብ ፈንታ ያቺን ሲሳፈርባት የኖረውን መኪና ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ከገበያው ወዲህ ክላክስ ሰማንና ወጣን። አንዲት ጥቁር ነገር አቧራዋን አስከትላ እየተወዛወዘች መጣች። ስትቀርብ ጥቁር አይደለችም፤ እንደ ጥንዚዛ ክንፍ አረንጓዴ ናት። በአጥራችን በር አልገባ ስትል አባቴ ወረደና አጥሩን ነቀለው። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

ጎረቤታችን ጋሽ ላቀው መካኒክ ነበር። መጥቶ ዙሪያዋን ዞራት፤ ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ተካ፣ ይቺን ካስገባህ ወዲያ እናንተ የት ልታድሩ ነው?»

«አንተን የሚያናግርህ ቅናት ነው።»

«ምን ያስቀናኛል? እንጀራዬ ራሷ አጥር አስነቅላ መጣችልኝ!»

የአባቴ ሐሳብ መኪናዋን ለሙሽራ ማከራየት ነበር። ጥር ሊገባ ነው። ከጥምቀት እስከ ቅበላ አገሩ ሁሉ ይድራል፤ ከቅበላ ወዲያ ሁዳዴ ይገባል፣ ሰርግ የለም። በእኛ ሰፈር ደግሞ እንዲህ ያለች መኪና ያላት ሙሽራ ታይታ አታውቅም። እናቴ ሰምታ ሰምታ ስታበቃ «እስከ ቅበላ» አለች።

«እስከ ቅበላ ምን?»

«እስከ ቅበላ ራሷን ትቻል። ካልቻለች ጾሙ የሚገባ ሰኞ ብረታ ብረት የሚገዛው ሰውዬ ይመጣል፤ ነግሬዋለሁ። አንተም ወደ አሰብ ትሄዳለህ።»

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነበር። ለአባቴ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሥራ ተገኝቶለታል። የሰፈራችን የአሰብ ሹፌር ልጆች አባታቸውን የሚያዩት በዓመት በዓል ነው። ሲመጣም «ይሄ ሰውዬ ማነው?» እያሉ እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይደበቃሉ። እናቴ ጨካኝ መስላችሁ እንዳትፈርዱባት፤ ቤቱን የያዘው የእሷ ቅቤ ብቻ ሆኗል። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ በአጭሩ ነው። መኪናዋ ከዳነች አባቴ ይቀራል፤ ከሞተች ይሄዳል።

እሷ ደግሞ ሕመሟ ብዙ። ከውጪ ሙሽራ፣ ከውስጥ ባልቴት ናት። ራዲያተሯ ያፈሳል። የኋላ ሞላዋ ስለደከመ ቂጧን ትጎትታለች። የእጅ ፍሬኗ ስለማይዝ በቆመች ቁጥር ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ይደረጋል። አንዱ መስኮቷ ከወረደ አይወጣም። ክላክሷ ሲያሻው ብቻውን ይጮሃል፤ አንድ ቀን የንስሐ አባታችን በደጃችን ሲያልፉ ጮኸና ከድንጋጤያቸው የተነሳ መኪናዋን ራሷን አሳለሟት።

ጋሽ ላቀው ኮፈኗን ሲከፍት መጀመሪያ ዝም ነው የሚለው። አባቴ ሐኪም ቤት በር ላይ እንደቆመ አስታማሚ እጁን እያሻሸ ከጎኑ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ጋሽ ላቀው በምላሱ «ጽ» ይላል። አባቴ በዚህ ዓለም ላይ ከዚያች «ጽ» የበለጠ የሚፈራው ነገር አልነበረውም።

«ምኗ ነው?»

«ካንዴላዎቿ።»

«እነሱ ብቻ?»

«እነሱ ብቻ ብልህ ደስ ይልሃል?»

ለጥገናው የሚከፈለው ከእናቴ መደብ ስለሆነ በቤታችን የመኪና ዕቃ የሚተመነው በቅቤ ነበር። ካንዴላ አንድ ትንሽ ኮባ ነው። የፍሬን ሸራ አንድ ትልቅ። ፍሪሲዮኗ ተበልቷል የተባለ ቀን እናቴ ለገበያ ያዘጋጀችውን ሁሉ አየት አደረገችና «ይቺ መኪና እኮ እኛ ቤት ከገባች ወዲህ ጮማ እንጂ ቤንዚን አልበላችም» አለች። የጋሽ ላቀው ሚስት አራስ ስለነበረች እሱ አንዳንዴ በገንዘቡ ፈንታ ቅቤውን ራሱን ይወስዳል። ያቺ አራስ እንዴት እንዳማረባት አልነግራችሁም! በእኛ ራዲያተር ነው እንዲያ የወፈረችው።

የእኔ ሥራ ውሃ ማቅረብና መርፌ መጠበቅ ሆነ። ከመሪው ፊት የሞተሩን ሙቀት የምታሳይ ቀጭን መርፌ አለች። አባቴ የመንገዱን ጉድጓድ እንጂ እሷን ማየት ስለማይችል ከፊት ወንበር ያስቀምጠኛል። እግሬ ተንጠልጥሎ፣ ውሃ የሞላ ቆርቆሮ በጉልበቶቼ መሐል አጥብቄ እሄዳለሁ።

«አስኩ፣ ይቺ መርፌ ቀዩ ጋ ስትደርስ ምን ትያለሽ?»

«እጮሃለሁ!»

«እንዴት አድርገሽ?»

ጮህኩ። ዶሮዎቹ በረሩ። «በቃ፣ ተቀጥረሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ነው የማየው። ሲቆም ዘልዬ ወርጄ ድንጋዩን የማደርገውም እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ቁጥር የለየሁት የመኪናዋን ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልኩ፣ አባቴ ከኋላዬ እያስጠራኝ ነው። የሰሌዳችን መጀመሪያ አራት ስለነበር ቁጥር ሁሉ ከአራት የሚጀምር ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ገበያ ላይ ገንዘብ ስትቆጥር «አራትን ዘለልሽ» እያልኩ አስቸገርኳት።

አንድ ጠዋት ስነሳ መኪናዋን ከወትሮው ይልቅ ቂጧ ወርዶ፣ ሆዷ ከብዶ፣ ከሥሯ መሬቱ በውሃ ርሶ አገኘኋት። የጋሽ ላቀው ሚስት የወለደች ዕለት ሴቶቹ «ውሃዋ ፈሰሰ፣ ደረሰ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼአለሁ፤ ወዲያውም ሕፃን መጥቷል። ነገሩ ግልጽ ነው። እየሮጥኩ ገባሁ።

«እማዬ! መኪናዋ ልትወልድ ነው!»

እናቴ የያዘችውን ጭብጥ ቅቤ ሳታስቀምጥ ወጣች። ወደምጠቁማት አየች፤ ውሃውን አየች፤ ቂጧን አየች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። መኪናዋ እኛ ቤት ከገባች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼአት አላውቅም። አባቴ ደንግጦ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ምጧ መጥቶባት ነው! እንኳን ደስ ያለህ!»

አባቴ ቶሎ ገባው። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ወንድ ከሆነ ታክሲ እናደርገዋለን። ሴት ከሆነች ለእናትሽ ቅቤ ታመላልሳለች።»

ቀኑን ሙሉ ከጎኗ አልጠፋሁም። ከአራሷ ቤት የሰጡኝን ገንፎ ግማሹን በልቼ ግማሹን ከጎማዋ ሥር አኖርኩላት። ጠዋት ሳየው ሳህኑ ተልሶ ጸድቷል። ልጅ ግን የለም። አባቴን ብጠይቀው «ዘንድሮ አላሰበችም፤ እያሰበችበት ነው» አለኝ። ይህም በቂ መልስ ሆነልኝ። የጋሽ ላቀው ውሻ ለብዙ ቀን በመኪናዋ ሥር መተኛት የለመደው ለምን እንደሆነ የጠየቀም የለም።

ወዴት ሄድኩ? ወደ ጥር ልመለስ።

ጥምቀት አለፈ፤ መኪናዋን የጠየቀ ሰው ግን አልመጣም። አባቴ በየቀኑ ይወለውላታል። አንድ ቀን ወይዘሮ ጥሩነሽ ጥላቸውን ዘርግተው መጡ። ገበያው ውስጥ እህል የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ከወፍጮው በላይ የሚሰማ ሴት ናቸው። ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሙሽራይቱ ያለችው ዘነበወርቅ ነው፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ቤት ኮልፌ መምጣት አለባት። አባቴ የኋላውን በር እንደ ቤተ መንግሥት ሎሌ ከፈተላቸው። ተቀመጡ። ወዲያውም ተነሱ።

«ወይ ጉድ! ወንበር ነው ቁልቋል?»

እውነታቸውን ነው። የፈረንጁ መኪና ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆማ የወንበሩ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙም ደርቆ ይዋጋል።

«ትንሽ ደርቆ ነው እንጂ እትዬ ጥሩነሽ...»

«ትንሽ? ሙሽራዬ እዚህ ላይ ተቀምጣ ቤቴ ስትደርስ ቀሚሷ ወንፊት ሆኖ ነው የምትወርደው!»

«ለሰርጉ ይደርሳል፤ ይሠራል።»

«ከተሠራ አንተው ታመጣታለህ። ካልተሠራ በበቅሎ አስመጣታለሁ። በቅሎ አይዋጋም።»

አባቴ መርካቶ ወንበር የሚያለብስ ሰው ዘንድ ሄደ። ሲመለስ የተነገረውን ዋጋ አልነገረንም፤ ከጎማው ሥር ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ጀመር። እናቴ የገበያ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወጣች። በሩን ከፍታ ወንበሩን በመዳፏ ዳበሰችው፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳበሰው።

«ይሄ እኮ በሬ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ወንበሩ ነዋ። ቆዳ ነው፣ ቆዳ ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ አባቴ ቤት ሕፃን ልጅ ያውቃል። ለዚህ ነው መርካቶ ስትንከራተት የዋልከው?»

እናቴ ባደገችበት አገር ቁርበት የሚለፋው በቅቤ ነው፤ ይታሻል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ደግሞ ይታሻል። የቆየ ቅቤ ከጓዳ አወጣች። ሽታው እንዲለዝብ ጠጅ ሣር ጨምራ አቀለጠችው። እኔና እሷ በሮቹን ከፋፍተን ገባንና ማሸት ጀመርን። መጀመሪያ ቆዳው ቅቤውን እንደ በረሃ አሸዋ ዋጠው። እናቴ «ጠጪ፣ ጠጪ» ትላታለች፤ እንደ አራስ። በማግስቱ ስንጥቆቹ መግጠም ጀመሩ። አመድ የመሰለው ወንበር እንደ ሻይ ቀላ። እጄን ሳሳርፍበት የሕፃን ጉንጭ ሆኗል። እኔም ከጣቴ እስከ ክንዴ፣ ከክንዴ እስከ ፀጉሬ አበራለሁ።

አባቴ ከውጪ ቆሞ ራሱን ይዟል። «እልፌ፣ መኪናዬን ክትፎ አደረግሻት እኮ!»

«ለፍልፍ። በሩን ብቻ እንዳትዘጋው፤ ፀሐይ ይግባበት።»

የሰፈሩ ድመት ሁሉ አጥራችን ላይ ተሰለፈ። ጋሽ ላቀው ለሌላ ጉዳይ መጥቶ አንገቱን በመስኮት አስገባ፤ አሸተተ፤ ቀስ ብሎ አወጣ።

«ተካ፣ ይሄን በሽታ እኔ አላውቀውም። ሚጥሚጣ ይዤ ልምጣ?»

የሰርጉ ቀን ጠዋት ብርድ ነበር። ቅቤው ረግቷል፣ ወንበሩ ደርቋል፣ ሁሉ ነገር አማረ። አባቴ ኮፈኗ ላይ አበባና ነጭ ጥብጣብ አሰረ። እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ቆርቆሮዬን ይዤ ፊት ተቀመጥኩ። ዘነበወርቅ ደርሰን ሙሽራይቱ ስትገባ አየኋት፤ ቀጭን ናት፣ ነጭ ቀሚሷ ከእሷ ይበዛል፣ ፍርሃቷ ከቀሚሷ ይበዛል። ሙሽራው ከጎኗ ገባ። እሷ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «አንቺስ ሚዜ ነሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ እኔ የመርፌዋ ነኝ» አልኳት። ምን እንደመሰላት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያ እጄን እጄን ታይ ጀመር።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሚዜዎቹንና ወይዘሮ ጥሩነሽን የጫኑት መኪኖች ከኋላችን እየጮኹ ይከተላሉ። ወደ ኮልፌ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። ትንሽ፤ ደግሞ ትንሽ። ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት። ቀዩን ነካች።

«ቀይ! አባዬ፣ ቀይ!»

እንደተቀጠርኩበት ነው የጮህኩት። ሙሽራይቱ ደግሞ እሳት የተነሳ መስሏት ከእኔ በላይ ጮኸች። አባቴ ጥግ ያዘ፤ እኔ ዘልዬ ድንጋዩን አደረግሁ። ኮፈኗ ሲከፈት እንፋሎቱ ጥብጣቡን አነሳው። ቆርቆሮዬ ውስጥ ያለው ውሃ ሲጨመር የት እንደገባ አልታወቀም፤ ሌላ ውሃ አስፈለገ። ገበያው ከዚያ ቅርብ ነውና ወሬው ቀድሞን ደርሶ ሴቶች ማሰሮ ማሰሮ ውሃ ይዘው ወረዱ። የሙሽራ መኪና ውሃ ጠማት ተብሎ አያውቅማ፤ የመጣችው ሁሉ ውሃዋን ስታፈስ እልል ትላለች። እናቴም ከመደቧ ተነስታ እንስራ ተሸክማ ከመሐላቸው አለች።

መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት አላስቀምጥ ብሏት ሙሽራይቱ ወረደች። ዞረች። እልልታው ቆመ።

ከነጭ ቀሚሷ ኋላ፣ ከወገቧ በታች፣ የወንበሩ ቅርጽ እንዳለ ታትሟል። ሰፊ፣ ቢጫ፣ የሚያበራ። ጠዋት ረግቶ የነበረው ቅቤ በፀሐይ ቀልጦ ኖሯል። አባቴን አየሁት። ፊቱ ላይ አሰብን አየሁ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጥላቸውን አጥፈው ሰዉን እየገፉ መጡ። ልጅቱን በትከሻዋ ይዘው አዞሯት። እድፉን በጣታቸው ነኩት። ጣታቸውን አሸተቱት።

«ተካ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እናቴ እንስራዋን አወረደች።

«እኔ ነኝ እትዬ ጥሩነሽ። ቅቤ ነው። ቆዳው እንዳይዋጋት ብዬ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ምንም አላጠፋም።»

«የየት ቅቤ ነው?»

«የጉራጌ።»

ደግመው አሸተቱ። «ጠጅ ሣር አለው?»

«አለው።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጎንበስ ብለው የመኪናዋን የኋላ ወንበር በመዳፋቸው ተጫኑት። መዳፋቸው ሲነሳ ያበራል። ቀጥ አሉና ያንን መዳፍ ሙሽራይቱ አናት ላይ አሳረፉት፤ ሻሹን ገለጥ አድርገው ፀጉሯን አሻሹት።

«ቤቴ ስትገባ አናቷን ልቀባት ጓዳ ውስጥ ቅቤ አስቀምጬላት ነበር» አሉ፤ ያ ከወፍጮው በላይ የሚሰማ ድምፃቸው ዳገቱን ሞላው። «ቸኩላ መንገድ ላይ ተቀባች! ከላይ መጀመር ሲገባት ከታች ጀመረች እንጂ ምን አጠፋች?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሙሽራይቱ ናት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሙሽራው ዞሮ የሱሪውን ኋላ አሳየ፤ እሱም ያበራል! ከዚያ ወዲያ ማን ይያዝ። ሚዜዎቹ እየተጋፉ መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ እያሳረፉ አናታቸውን ቀቡ፤ ሴቶቹ ጨፈሩ፤ ውሃ ያመጡት አሮጊቶች ሳይቀሩ «ለእኔም፣ ለእኔም» አሉ። መኪናችን ጠጥታ ጠግባ፣ የኮልፌ ሴት ሁሉ ከኋላዋ እየዘፈነ፣ ዳገቱን ወጣች። መርፌዋን ጠበቅኋት። ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ «የቅቤዋ መኪና» ሆነ። እስከ ቅበላ ድረስ ሙሽራ ያልያዘችበት እሁድ አልነበረም። ነጭ አንሶላ ማንጠፍ ተማርን፤ አንዳንድ አማቶች ግን «አንሶላውን አንሱት» ይሉ ነበር። ነገር ግን የሚገባው ገንዘብ እንደገባ ይወጣል። አንድ ሙሽራ ባደረሰች ቁጥር አንድ ነገሯ ይላቀቃል፤ ዛሬ ማርሚታዋ፣ ነገ ዲናሞዋ። ጋሽ ላቀው «ጽ» ማለቱን አልተወም። እናቴም ስለ ብረታ ብረቱ ሰውዬ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ቅበላ ደረሰ። የቅበላ ዕለት አባቴ የፊት መስታወቷን ሲወለውል አጠገቡ ሄድኩ።

«አባዬ፣ አሰብ ሩቅ ነው?»

«ከዳገቱ ትንሽ ይርቃል» አለኝ፤ መወልወሉን አላቆመም።

ሰኞ ጾሙ ገባ። እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይዞኛል፤ በሁዳዴ ቅቤ የጠጣ ወንበር ላይ መቀመጥ ጾም ያስገድፍ ይሆን? እናቴን ጠየቅኋት። «በመቀመጫችን አንበላም፤ ተቀመጪ» ብላ ገፋ አደረገችኝ። ይህን ስትል ነው ሰውዬው በተነቀለው አጥር በኩል የገባው፤ አጭር፣ ካፖርት የለበሰ፣ ክንደ ሰፊ።

«ቅበላ አለፈ፤ እንደ ቀጠሮአችን መጣሁ» አለ።

አባቴ ሰላም ብሎት መኪናዋ ውስጥ ገባ። ወደ ሰውዬው ቦታ ራሱ ነድቶ ሊያደርስለት ነው መሰል፣ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ቁልፉን ሲያዞር «ጭጭ» አለች፤ ብርድ ባለ ቁጥር ባትሪዋ እንዲህ ነው። እጁን ሳያነሳ ተቀመጠ። እኔ ቆርቆሮዬን አቅፌ ቆምኩ። ሰውዬው ዙሪያዋን መዞር ጀመረ፤ እናቴ ከኋላው ከኋላው ትከተለዋለች።

«ዝጋለች» አለ።

«የቱ ጋ?»

«ይኸው።»

«እሱ አቧራ ነው።»

«በጥፍሬ ስነካው ይረግፋል እኮ እመቤት።»

«ጥፍርህን ተቆረጥ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። ወደ ኋላ ሄደ። «ሞላዋ ወድቋል።»

«ስንት ሙሽራ የተሸከመች ናት። አንተ ብትሆን ትቆም ነበር?»

«ውሃ ታፈሳለች።»

«አንተ አታፈስም?»

ከአጥሩ ማዶ ጋሽ ላቀው ሲስቅ ሳል ያዘው። እኔ ዓይኔን ከእናቴ ላይ መንቀል አቃተኝ። ይህንን ሁሉ ነቀፋ እኮ በጋውን ሙሉ ስትቆጥር የከረመችው እሷ ናት! ሰውዬው በሩን ከፍቶ አፍንጫውን ያዘ።

«ኧረ በዚህ በጾም! ሽታዋስ? ይሄንንማ ማን ይገዛዋል?»

«ማን ይገዛዋል?» እናቴ በሩን ከእጁ ተቀብላ ዘጋችው። «ወይዘሮ ጥሩነሽ የእህታቸውን ልጅ ለዳግማ ትንሣኤ ሲድሩ ሌላ መኪና አልፈልግም ብለው የያዟት በዚህ ሽታ ነው። በማግስቱ ሌላ አለ። ከዚያም ወዲያ አለ። አንተ ነህ እንግዲህ የማታውቀው!»

መኪናዋ ውስጥ የአባቴ አንገት ቀና አለ። እሱም እንደኔ ገና መስማቱ ነው።

ሰውዬው እጁን ካፖርቱ ኪስ ከተተ። ተቆጥቶ ሳይሆን ግራ ገብቶት ነው የጠየቃት።

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራሽኝ?»

እናቴ መኪናዋን አየች። በመስታወቱ አባቴን አየችው፤ እሱም ያያታል። እኔን ከነቆርቆሮዬ አየችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ማሰር ጀመረች።

«ባትሪዋ ሞቶብን ነው» አለች። «ለመግፋት እንዲህ እንዳንተ ክንድ ያለው ሰው ጠፍቶ። በዚያ በኩል ያዝ።»

ሰውዬው አያት፣ አያት። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀና አጥሩ ላይ ሰቀለው። ጋሽ ላቀው «ቆዩኝ፣ ቆዩኝ» እያለ ዘሎ ገባ። እኔ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አነሳሁ። እናቴ ትከሻዋን ለመኪናዋ ሰጠች፤ መስታወቱንም በመዳፏ መታችው።

«ተካ! ምን ተቀምጠህ ታየኛለህ? ማርሽ አስገባ እንጂ!»